ከልቅሶው በፊት የተደገሰ ሰርግ

ኛን በደቡብ ቬትናም ካለችው ከካይ ቤ በተነሣው የመጀመሪያ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ የሰርጓን አልበም ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። ያያት ሰው ሁሉ ጸሎት ላይ ያለች ይመስለው ነበር። እሷ ግን የምታነበንበው የባሏን የጫማ ቁጥርና የአለቃውን ስም፣ ከሥራ ሲመለስም መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ነበር። ባሏ ኪየም የዚያው የካይ ቤ ልጅ ሆኖ አሜሪካ ውስጥ መኪና የሚጠግን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከተጋቡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ አብረው የኖሩት ግን ተጠራቅሞ ሁለት ወር አይሆንም። ዛሬ ሳይጎን ያለው የአሜሪካ ቆንስላ ካመናት ወደ እሱ ትሄዳለች። ካላመናት ለመኖሪያ ወረቀት ብላ ያገባች ተብላ ትመዘገባለች፤ አንዴ እንዲህ የተባለ ሰው ደግሞ በሩ ዳግመኛ እንደማይከፈትለት ሰፈሩ ሁሉ ያወራል።

"ኧረ ከንፈርሽን አሳርፊው!" አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው እናቷ እመት ባይ። "የውስጥ ሱሪውን ቁጥርስ አጠናሽ?"

"እማዬ! ሰው ይሰማል!"

"ይስማ! አቶ ሎክ የማይጠየቅ ነገር የለም ብሎ የለ?"

አቶ ሎክ ገበያው ዳር ቢሮ ከፍቶ ቅጽ የሚሞላና መልስ የሚያስጠና ሰው ነው። እሱ ራሱ አንድም ቀን ቃለ መጠይቅ ቀርቦ አያውቅም፤ ሲያወራ ግን ቆንስላውን በእጁ የገነባው ይመስላል። አንድ መቶ ሠላሳ ጥያቄ ከነመልሱ ጽፎ ሰጥቷታል። ኛን በልብስ ስፌት የምትተዳደር፣ መቀስና መርፌ እንጂ ደብተር የማይስማማት ልጅ ናት፤ እንዲያም ሆኖ ሁሉንም እንደ ውኃ ጠጥታዋለች። አንዱ መልስ ብቻ ጉሮሮዋ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። እሱም ስለ ሰርጉ የሚነሣው ነው።

አልበሙ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። ሙዚቃ የለም፣ ጭፈራ የለም፣ ከልቡ የሚስቅ ሰውም የለም። ለሙሽራዋ የጆሮ ጌጥ የምታደርገው አማት ሆና ሳለ፣ ፎቶው ላይ የምታደርግላት የኪየም አክስት ናት። ካይ ቤ ውስጥ ይህን ያየ ሰው ምንም አይጠይቅም። እኛ ዘንድ እናት ወይም አባት የሞተበት ልጅ ሐዘኑን ሳይጨርስ፣ ማለትም ሦስት ዓመት ሳይቆይ፣ አይዳርም። ስለዚህ የሰርግ ቀን ተቆርጦ ሳለ ሞት ከቀደመ፣ ሞቱ ለግማሽ ቀን ይደበቃል። ሙሽራዋ በጥድፊያ ትመጣለች፣ ጎረቤት አንገቱን ደፍቶ ይበላና ቶሎ ይወጣል፣ ከዚያ ልቅሶው ይጀመራል። የኪየም እናት ንጋት ላይ ዐረፉ፤ እኩለ ቀን ላይ ኛን ሙሽራ ነበረች።

አቶ ሎክ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ይዞ ነበር። "ጉድ ፈላ! ሬሳ ጓዳ አስተኝቶ ሰርግ የሚደግስ አለ ብለሽ ለፈረንጅ ልትነግሪው ነው? እብድ ነው የሚልሽ፣ ካልሆነም ውሸታም! አማቴ ሆስፒታል ነበሩ፣ ማታ ዐረፉ ትያለሽ፣ አለቀ!" ኛንም እሺ አለች። እሺ ካለች ወዲህ ግን እንቅልፍ በዐይኗ ዞር አላለም።

ቆንስላው ደጃፍ ሲደርሱ ሰልፉ መንገዱን ይዞታል። እመት ባይ ከመንገዱ ማዶ ከአንዲት የሸንኮራ ጭማቂ ሻጭ ዘንድ ቀረች፤ ለምሳ የያዘችውን፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በክር የታሰረ ሩዝ ታቅፋ፣ "ቀና ብለሽ ግቢ!" ብላ ጮኸች። ኛን ተፈትሻ ገባች፣ የጣት አሻራ ሰጠች፣ ቁጥሯን ይዛ ተቀመጠች። ከፊቷ የነበረው ሰውዬ ከመስኮቱ ሲመለስ ፊቱ ዐመድ መስሎ ስታይ ያጠናችው ሁሉ ከራሷ ብን ብሎ ጠፋ። የባሏ የጫማ ቁጥር አርባ ነው ወይስ አርባ አንድ? ቁጥሯ ተጠራ።

ከመስታወቱ ኋላ መነጽር ያደረገች ወጣት ፈረንጅ ተቀምጣለች። ቬትናምኛ ትናገራለች፤ ያውም የባለሥልጣኖቹን የሰሜን አነጋገር፣ ልክ እንደ ዜና አንባቢ። ኛን ይሄኔ ባሰባት፤ ደቡብ ተወልዶ ያደገ ሰው በዚያ ድምፅ ሲጠየቅ ያላጠፋውንም ያጠፋ ይመስለዋል።

"ቀኝ እጅዎን ያንሡ። እውነቱን ብቻ ለመናገር ይምላሉ?"

"እምላለሁ" አለች ኛን።

ሴትዮዋ አልበሙን ገለጠች፤ የጆሮ ጌጡ ፎቶ ላይ ቆመች።

"ይቺ ማን ናት?"

"የባሌ አክስት።"

"እናቱስ?"

"ሆስፒታል ነበሩ። ማታ... ማታ ዐረፉ።"

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ከፋይሉ አንድ ወረቀት መዝዛ መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ኪየም ከሥራ የወሰደውን የዕረፍት ጊዜ ለምን እንዳራዘመ ለማስረዳት ያያያዘው ነው፤ አቶ ሎክም መቶ ሠላሳ ጥያቄ ሲጽፍ ይህችን አንዲት ወረቀት አላያትም። ቦታው፦ መኖሪያ ቤት። ሰዓቱ፦ ንጋት አሥራ አንድ። ቀኑ የሰርጉ ቀን ነው።

ኛን ወረቀቱን አነበበችው። ውሸቷ ተይዟል፤ ያውም ከመሐላ በኋላ። ኪየም ሥራ ውሎ፣ አንድ ሰው ብቻ ወደሚኖርባት ክፍል ሲገባ ታያት። በቃ፣ ገደልኩት አለች በልቧ። ዋሽታም ካልዳነች እውነቱን አውጥታ ብትጠፋ የሚሻላት መሰላት።

"ዋሽቻለሁ" አለች። "ጓዳ ነበሩ። ሞተው፣ ታጥበው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው። እንግዳ ሳይወጣ ማልቀስ አይፈቀድም። ኪየም እንግዳ ተቀብሎ ፈገግ ይላል፣ ጓሮ ወጥቶ ፊቱን ይታጠባል፣ ተመልሶ ፈገግ ይላል። ሰባት ጊዜ ታጠበ። ከዚያ ቀዩን የሰርግ ልብስ አውልቄ የሐዘን ነጭ ለበስኩ።"

ሴትዮዋ እየጻፈች ነበር። ብዕሯን አቆመች።

"ያን ዕለት ሊያገቡት ፈልገው ነበር?"

ይህ ከመቶ ሠላሳው ውስጥ የለም። አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ ግን ዛሬ አንዴ ዋሽታ ምን እንደሚመስል አይታዋለች።

"የለም" አለች፤ የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። "አልፈለግሁም። ለመጪው ዓመት ነበር ያሰብኩት። ሰው እየሳቀልኝ ነበር መዳር የምፈልገው። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው መጡ፣ ልበሺ ተባልኩ፣ ለበስኩ።"

"አሁንስ?"

"አሁን አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከቀብሩ ቀን። ነጩን የሐዘን ጨርቅ ግንባሬ ላይ የሚያስርልኝ እሱ ነበር። 'ጠበቀብሽ እንዴ?' አለኝ። እናቱን ሊቀብር እየሄደ እኮ ነው የሚጠይቀኝ! ይኼን ሰውዬ ብቻውን አልተወውም አልኩ።"

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች፣ ቆየች። ሴትዮዋ ስትመለስ አንድ ወረቀት በቀዳዳው አሾልካ፣ "ሁለተኛ ግን ከመጀመሪያው እውነቱን ይናገሩ። ተፈቅዶልዎታል" አለች። ኛን አመሰግናለሁ ማለቷን እንኳ አታስታውስም።

እመት ባይ ገና ከሩቅ ስታያት መንገዱን በሞተር ብስክሌቶቹ መሀል እየተራገመች ተሻገረች።

"ምን ሆንሽ? ተናገሪ እንጂ! ልትገድዪኝ ነው?"

"አለፍኩ፣ እማዬ።"

እናቷ ጀርባዋን በጥፊ መታቻት፣ መልሳ አቀፈቻት፣ ለሸንኮራ ሻጯ "ልጄ አለፈች!" ብላ ጮኸች። ዳር ይዘው ተቀመጡ። እመት ባይ የሩዙን ክር እየፈታች፣ "የጫማ ቁጥሩን መለስሽ?" አለች።

"አልጠየቁኝም። የሰርጉ ቀን ልታገቢው ፈልገሽ ነበር ወይ ነው ያሉኝ።"

"ይኼም ጥያቄ ሆኖ! አዎ ብለሽ ገላገልሻቸዋ?"

"አልፈለግሁም ነው ያልኩት።"

የእመት ባይ እጅ ክሩ ላይ ቀረ።

"ለኔ አልነገርሽኝም።"

"አልጠየቅሽኝማ፣ እማዬ።"

ኛን ይህን ያለችው ለወቀሳ አልነበረም፤ ደክሟት ስለነበር ብቻ ነው። እናቷ ግን ሩዙን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የገዛ ጣቶቿን ማየት ጀመረች።

"እኔ ነኝ እኮ ቀዩን ያለበስኩሽ" አለች ቀስ ብላ። "የልብሱን ቁልፍ አንድ በአንድ የቆለፍኩት እኔ ነኝ።"