እሜቴ እማዋይሽ ያሹት እግር

ዳኘው ይሄይስ ከጅጋ በላይ ካለች መንደር የተወለደ ገበሬ ነው። ጣሊያን ጎጃም በገባ በሁለተኛው ዓመት ዕድሜው ሃያ ሦስት ነበር። ያን ዓመት መሣሪያ ያለው ሁሉ ቡሬ ምሽግ ድረስ ሄዶ እንዲያስረክብ ታዘዘ። አባቱ ጠመንጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ወሰዱና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ከሰው ጋር ብዙም ሳይነጋገሩ ክረምቱን አጋመሱት፤ መስከረም ሳይጠባ ሞቱ። በለቅሷቸው ላይ አንድ ጥይት እንኳ የሚተኩስ ጠፋ። ዳኘውን ከሞታቸው ይልቅ ይህ አንገበገበው።

ደጋ ዳሞት ወዳሉት አርበኞች ወጥቶ ልግባ ብሎ ለመነ።

«ጠመንጃህ የታለ?» አለው አለቃቸው።

«የለኝም ጌታዬ።»

«እኛም ትርፍ የለንም። ይዘህ ና፣ ያን ጊዜ ወንድማችን ነህ።»

አንገቱን ደፍቶ ወረደ። ብዙ ሳይቆይ ቡሬ ያለው ጣሊያን ባንዳ እየመለመለ ነው፣ ፈተናውን ላለፈ ጠመንጃ ይሰጣል ሲባል ሰማ። ተቀብዬ እከዳለሁ፣ ይዤው ወደ ወገኖቼ እገባለሁ ብሎ ለራሱ ነገረው። በስተርጅና ሲያወራው ግን እንዲህ ይላል፦ «ውሸት ነው። እኔ የፈለግሁት አንግቼው በመንደሩ መካከል ማለፍ ነበር። የማን ጠመንጃ እንደሆነ አልከበደኝም።»

ፈተናው ሩጫ ነበር። አሸዋ የሞላ ከረጢት አዝሎ ከምሽጉ በር መነሳት፣ ፈጠም ወንዝ መድረስና ዳገቱን ወጥቶ መመለስ። ዳኘው በታኅሣሥ ተፈተነና ዳገቱ ወገብ ላይ ትንፋሹ አጥሮ ተቀመጠ። ለጣሊያን ያደረው የወታደሮቹ አለቃ፣ ሹምባሽ የሚሉት፣ ሳቀበት።

«አንተ ለማረሻ ነው የተፈጠርህ። የካቲት ላይ ሌላ ፈተና አለ፤ እስኪ ያን ጊዜ ና።»

ከማግስቱ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ እየተነሳ ጣሊያን አዲስ በጠረገውና ጠጠር በነሰነሰው መንገድ ላይ ይሮጥ ጀመር። ያየው ሰው ከጠየቀው «ጊደር ጠፍታብኝ ነው» ይላል። በየቀኑ መንገዱን አስረዘመ። በሦስተኛው ሳምንት የሁለት እግሩ አገዳ ከውስጥ በኩል ያመው ጀመር። መጀመሪያ ሲነሳ ብቻ ነበር፤ ሰውነቱ ሲሞቅ ይለቀዋል። ቀጥሎ ከሩጫው በኋላም አብሮት ይውል ጀመር። በመጨረሻ ቁልቁለት ሲወርድ አጥንቱን በቢላ የሚፍቁት መሰለው፤ ጣቱን ሲያስነካው ይዘላል። በጨርቅ ጠፍሮ እያሰረ ሮጠ። ይለምዳል እያለ ሮጠ። አውድማ ላይ በሬ ሲነዳ ማነከሱን ያዩ ጎረቤቶቹ ናቸው እሜቴ እማዋይሽ ዘንድ ሂድ ያሉት።

እሜቴ እማዋይሽ ላህ ወንዝ አጠገብ፣ በኋላ ፍኖተ ሰላም በተባለው አገር፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ወጌሻ ነበሩ። ዳኘው አንድ ዶሮ ይዞ እያነከሰ ደረሰ። መደብ ላይ አስቀምጠው ጨርቁን ፈቱ፤ አገዳውን ከጉልበቱ በታች ጀምረው በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ወረዱ።

«አልተሰበረም። ትንሽ ብትቆይ ግን ይሰነጠቅ ነበር። የምን ሥራ ነው እንዲህ ያደረገህ? ይህ የአራሽ ሕመም አይደለም።»

«ሩጫ ነው እሜቴ።»

«የምን ሩጫ?»

ዳኘው ጊደሯን ሊጠራ አሰበ። ሴትዮዋ ግን ዓይን ዓይኑን ያያሉ፣ ጊደርም የወር ሙሉ ሩጫ አታስሮጥም። እውነቱን መናገር ፈራ። «ለአርበኞች መልእክተኛ ልሆን ነው» አላቸው። «የሚሮጥ ሰው ይፈልጋሉ፤ ሊፈትኑኝ ነው።»

የእማዋይሽ እጅ እግሩ ላይ እንዳለ ቆመ። ተነስተው በሩን ገርበብ አደረጉና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ልጄ ክንፈሚካኤልም የእነሱ መልእክተኛ ነበር» አሉ። «ከዚህ ተነስቶ ደጋ ዳሞት፣ ፈረስ ቤት ድረስ ደርሶ ይመለስ ነበር። እግሩን እንደሚያመው አንድ ቀን አልነገረኝም። እኔ የሰው እግር የማሸው፣ እናቱ፣ አላወቅሁም። ባንዶች አባረው ወንዝ ዳር ገደሉት። ሬሳውን ሲያመጡልኝ አገዳው እንዳንተ አብጦ አየሁ። ቢነግረኝ ኖሮ ያመልጣቸው ነበር እላለሁ።»

አሁን ልንገራቸው፣ አሁን ልነሳና ልሂድ ይላል ዳኘው በልቡ፤ እግሩ ግን በእጃቸው ነው፤ እጃቸው ደግሞ ሕመሙን እየወሰደለት ነው። ሳይነግራቸው ቀረ።

ስምንት ቀን አስተኙት፤ የተኛው በክንፈሚካኤል መደብ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት በቀዝቃዛ የወንዝ ውኃ አገዳውን ይነክሩለታል፤ ከሰዓት አጥንቱን ሳይነኩ ባቱን በቅቤ ያሹታል። ተልባ በማር በጥብጠው ያጠጡታል። «ሥጋው ነው አጥንቱን የሚጎትተው» ይሉታል። ስምንቱ ቀን ሲያልቅ እንዲህ አሉት፦ «በጠጠሩ መንገድ አትሩጥ። መስኩ ላይ፣ ሣሩ ላይ ሩጥ። አንድ ቀን ሩጥና አንድ ቀን እረፍ። ያመመህ ቀን ቁም፤ መቆም ነውር አይደለም። ስመ ክርስትናህ ማነው?»

«ወልደ ዮሐንስ።»

«ለንስሐ አባቴ ለቄስ ገብረሰንበት እነግራቸዋለሁ። በጸሎት ያስቡሃል።»

ዶሮውን ሊሰጣቸው ሲል መልሰው አሸከሙት። «ለአገር ከሚሮጥ እግር ዋጋ አልቀበልም» አሉ።

ዳኘው ዶሮውን ታቅፎ መንገድ ገባ። ከቤታቸው እስኪርቅ ዞሮ አላየም። የቡሬውን ፈተና ግን መተውም አልተወም። ወደ መንደሩ ተመልሶ፣ እንዳሉት ሣር ላይ ሮጠ፣ እንዳሉት አንድ ቀን አረፈ። እግሩም ዳነ። እያንዳንዷን ምክራቸውን ሲፈጽም ያፍር ነበር፣ ግን ይፈጽም ነበር።

የካቲት ላይ ቡሬ ወረደ። የፈተናው ዕለት የገበያ ቀን ነበርና ሯጮቹ እስኪያልፉ ገበያተኛውን ዘበኞች ከመንገዱ ዳር አቁመውታል። ዳኘው ከረጢቱን አዝሎ ከፊተኞቹ ጋር ቁልቁለቱን ሲጀምር፣ ጨው ከቋጠሩ ሴቶች መካከል እሜቴ እማዋይሽን አያቸው። ፊቱን አላዩም። የሚያዩት እግሩን ነበር፤ እንዴት እንደሚረግጥ፣ ሕመሙ ለቆት እንደሆነ፣ ወጌሻ እንደሚያይ። ከዚያ ቀና ብለው ፊቱን አዩ። አልጮኹም፣ አልተራገሙም። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

ዳኘው መቆም ይችል ነበር። አልቆመም። ከወንዙ ደርሶ ሲመለስ እሳቸው ከቆሙበት ቦታ የሉም። አራተኛ ሆኖ ገባ። ሹምባሹ ትከሻውን መትቶ «ማረሻው ሮጠ!» ብሎ አመሰገነው። ጠመንጃ ሰጡት፤ ሸሚዝ ሰጡት። የናፈቀው ብረት ትከሻው ላይ ሲያርፍ ደስታውን ጠበቀ፤ አልመጣም።

አሥራ አንድ ወር ባንዳ ሆነ። በነዚያ ወራት አንድ ጊዜ ወደ ፈረስ ቤት አቅጣጫ ዘምተው መንደር ሲቃጠል እሱ በቅሎ ይዞ ቆሞ ነበር። «እሳት አልለኮስሁም» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ «በቅሎ ባልይዝ ግን የያዝሁላቸው ሰዎች እጃቸው ነፃ አይሆንም ነበር» ብሎ ራሱ ይመልሳል። በጥር ወር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጠመንጃውን እንደያዘ ከዳና አርበኞች ዘንድ ገባ። ተቀበሉት። ጣሊያን እስኪወጣ በደህና ተዋጋ፤ አንድ ጊዜም ቆሰለ። አገር ነፃ ሲወጣ ሰው አርበኛው ዳኘው ይለው ጀመር። ሲሉት መሬት መሬት ያያል። ሰዉ ትሕትና መሰለው።

ከነፃነት በኋላ ሁለት ዓመት ሲያመነታ ቆይቶ እሜቴ እማዋይሽ ቤት ሄደ። ደጃፋቸው ላይ ተልባ ይለቅማሉ። ከጉልበታቸው ሥር ወደቀ።

«ተነስ» አሉት። «ትልቅ ሰው ሆነሃል።»

«ዋሽቼዎታለሁ እሜቴ።»

«ቡሬ ላይ አይቼሃለሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

ተልባውን መልቀማቸውን ቀጠሉ። «እውነቱን ብትነግረኝ የማላሽህ መስሎህ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«አሽህ ነበር። እሰድብሃለሁ፣ ግን አሽሃለሁ። ጣሊያኑም ራሱ ቢመጣ ሥራዬ ነው። የልጄን ነገር ግን አልነግርህም ነበር።»

ዳኘው መክዳቱን፣ መቁሰሉን ሊነግራቸው አስቦ መጥቶ ነበር። አፉ ላይ ቀረ። ጠላ ቀዱለት፣ ጠጣ። ሲነሳ «እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉት። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ ይሉ እንደሆነ ትንሽ ቆሞ ጠበቀ። እሳቸው ሰፌዳቸውን አንስተው ገቡ።

እሜቴ እማዋይሽ ያረፉት ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ዓመት ቆይተው ነው። ዳኘው ከባለቤቱ ከተናኜ ጋር ለቅሶ ሄደ። ድንኳን አልበቃ ብሎ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጧል። አንዱ ክንዱን ያሳያል፣ ሌላው የትከሻውን ውልቃት እንዴት እንደመለሱለት ያወራል፤ እንዳለው የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤታቸው ወደ ዳኘው ዞሩ።

«አንተንስ ምንህን ነበር ያሹህ?»

«እግሬን።»

«መቼ?»

«በጣሊያን ጊዜ።»

«አርበኛ ሳለህ ነዋ!» አሉና ሽማግሌው ለተቀመጠው ሁሉ ተናገሩ። «አያችሁ? ለአርበኞችም ያሹ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር!»

ሰዉ «ይማር» አለ። ዳኘው አዎም አይደለምም ሳይል ቀረ።

ሲመለሱ፣ ላህን ከተሻገሩ በኋላ፣ ለተናኜ ሁሉንም ነገራት። ሃያ ዓመት ሙሉ አብረው ኖረው አንድም ቀን አልነገራትም ነበር። እሷ ከፊት ከፊቱ እየሄደች ሰማችው፤ ዞራ አላየችውም። ብዙ ከሄዱ በኋላ ሰማዩን ቀና ብላ አየችና «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ፈጠን በል» አለችው።