በሙጫው ላይ የቀረ አሻራ

አጎቴ ካረፉ አርባ ቀን ሊሞላቸው ነው። ሰው ስለ ደግነታቸው ያወራል። እኔ ግን የማልረሳው አሮጌ እንጨት ከመንካታቸው በፊት፣ ሰው ፊት የቆሙ ይመስል «ይፍቀዱልኝ» ማለታቸውን ነው።

አገር ቤት ሳሉ የጥንት አብያተ ክርስቲያናትን የእንጨት ቅርጽ ሲጠግኑ ኖረዋል። እዚህ አሜሪካም አሌክሳንድሪያ ከተማ ያለ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነቀዝ የበላውን የእንጨት መልአክ እንዲያድኑለት ቀጠራቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ እየነዳሁ የማደርሳቸው፣ የማስተረጉምላቸውም እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን የተሰበረውን ክንፍ ሲያነሱ፣ ከሥሩ በደረቀው ሙጫ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አገኙ። የጥንቱ ጠራቢ አሻራ ነበር።

«ጋሼ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ ፍቀው ያጽዱት ትላለች» አልኳቸው።

«ሰውየውን?» አሉኝ። «ክንፉን ይህን ሁሉ ዘመን ደግፎ የያዘው እሱ ነው። አጠገቡ እሠራለሁ እንጂ አላባርረውም፣ ልጄ።»

ስንመለስ ቤልትዌይ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ዞር ብለው የኋላውን ወንበር አዩ። እኔም በመስታወቱ አየሁ። ማንም አልነበረም፤ ግን ጠራቢው አብሮን የተሳፈረ ይመስል ቀስ ብዬ ነዳሁ።

ክንፉን ሳይመልሱት ታመሙ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሡም። ለቤተ ክርስቲያኑ ማርዳት የእኔ ፈንታ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ኃላፊዋ ቀድማኝ ደወለች።

«ትናንት ቤት ስደውል መልእክት በሚቀበለው የስልክ ማሽን ላይ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ደስ አለኝ» አለችኝ። «መቼ ይመጣሉ?»

ከማሽኑ ላይ ድምፃቸውን ማጥፋት አቅቶኝ ትቼው ነበር።

«ቅዳሜ» አልኳት።