የይፋጉ ሙሄ፣ ዳማዋና ዳለቻዋ

የይፋጉ ሙሄ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአጋሰስ ኋላ ሲሄድ ኖሮ በአርባ አምስት ዓመቱ ጉልበቱ ከዳው። ከይፋግ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ገሳይ ጨውና አቡጀዲ የጫኑ በቅሎዎችን ሲነዳ የኖረ ሰው፣ በ1931 ዓ.ም. አንዲት ዳገት ለመውጣት ሦስት ጊዜ ይቀመጥ ነበር። አሠሪው ሐጂ ዑመር ደግ ነጋዴ ስለነበሩ አላባረሩትም። ሆኖም መራመድ ካልቻለ እንጀራው እንደሚቋረጥ ሙሄ ማንም ሳይነግረው ያውቅ ነበር።

ዘመኑ ከባድ ነው፤ በዱሩ አርበኛ፣ በከተማው ጣሊያን። ፈጣሪ ግን ሰው ያላሰበውን ያዘጋጃል። ጣሊያን መንገዱን ሲያሠራ ሙሄ ለሠራተኞቹ ውኃ በበቅሎ ያመላልስ ነበርና፣ አንድ የሐማሴን ተወላጅ የሆነ የከባድ መኪና ሾፌር ወዳጁ ሆነ። ሙሄ እርጎ ያመጣለታል፤ ሾፌሩ ደግሞ በፎገራ ሜዳ ላይ መሪውን ያስይዘዋል። እንዲህ እያለ ሙሄ መንዳት ለመደ። ከመልመድም አልፎ ወደደው።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ በደብረ ታቦር ሱቅ የነበረው አንድ ጣሊያናዊ ወደ አገሩ ሊመለስ ሁለት ትንንሽ መኪኖች ለሽያጭ አቀረበ። ሁለቱም ለጭነት ሳይሆን ለደስታ የተሠሩ፣ ጣራቸው ሸራ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ ነበሩ። አርጅተዋልና ዋጋቸው የሐጂ ዑመርን አቅም አላለፈም። ሙሄ በበቅሎ መልክ ስም አወጣላቸው። ቀይዋን ዳማ፣ ግራጫዋን ዳለቻ አላቸው።

ሐጂ ዑመር ሁለት ሾፌሮች ጠሩ፤ አንደኛው ሙሄ፣ ሌላው ጎንደር ከተማ መንዳት የተማረው ደምሴ ነው።

«ሁለት ጆንያ ጨው ይዛ የገሳይን ዳገት የወጣችውን እገዛለሁ» አሉ። «ያወጣትም ሾፌሬ ይሆናል።»

ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን ሁለቱም ሰዎች ሁለቱንም መኪኖች በሜዳ ላይ ሞከሩ። ዳማዋ ኃይለኛ ናት፤ ነዳጅ ሲረግጡላት ጀርባን ከመቀመጫው ጋር ታጣብቃለች። መሪዋ ግን እልኸኛ ነው። ዳለቻዋ ሞተሯ ደካማ ቢሆንም መሪዋ በሁለት ጣት ይዞራል፤ መሬቱ ጠጠር ይሁን ጭቃ በመቀመጫ በኩል ይታወቃል። ደምሴ ወዲያው ዳማዋን መረጠ። ሙሄ በዳለቻዋ ሲዞር ውሎ፣ ሲወርድ ፈገግታው አልጠፋ አለው።

«ምነው አያ ሙሄ፣ ሙሽራ መሰልክ» አለው ደምሴ።

«አንተ ለጉልበቷ፣ እኔ ለጠባይዋ።»

በማግስቱ ዳገቱ ዝናብ አድሮበት ቀይ ጭቃ ሆኖ ጠበቃቸው። ሙሄ ቀደመ። በቅሎ ዳገት ስትወጣ ጭነቷ ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት ነጋዴ ሁሉ ጭነቱን ወደ ትከሻዋ ይስባል። ሙሄም የሃያ ዓመት ልማዱን ተከትሎ አንዱን ጆንያ ከጎኑ ካለው መቀመጫ ፊት ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ ሌላውን በሞተሩ ክዳን ላይ በመጫኛ ጠፈረው። ዳለቻዋ ግማሽ መንገድ ሄዳ ቆመች። የኋላ ጎማዎቿ ባሉበት እየተሽከረከሩ ጭቃ ረጩ።

ደምሴ ከታች ሆኖ «አያ ሙሄ፣ ጅራፍ ላቀብልህ?» አለ። እሱ ስህተቱን አይቶታል፤ ግን ከመናገር መቀለድን መረጠ።

ሐጂ ዑመር መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ «ሙሄ፣ ይበቃል። ጉልበትህንም አትጉዳ» አሉ።

«ሐጂ፣ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ።»

ወርዶ በታመመው ጉልበቱ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ከፊት ጎማዎቹ ሥር መሬቱ አልተነካም፤ የኋላዎቹ ግን ጉድጓድ ቆፍረዋል። ተነሥቶ ጆንያዎቹን ፈታ፤ መኪናዋን ወደ ታች አስንሸራቶ መለሳትና ሁለቱንም ከመቀመጫው በስተኋላ፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ጫናቸው።

«ዳገት ላይ ወደ ፊት ይጫናል ስትለን አልነበር የኖርከው?» አሉ ሐጂ ዑመር።

«እሱ ለበቅሎ ነው። ይቺ የምትገፋው በኋላ እግሯ ብቻ ነው። በሚገፋው እግሯ ላይ ካልከበዱላት መሬቱን አትጨብጥም።»

ለሁለተኛ ጊዜ ተነሣ። ዳለቻዋ ሳትቸኩል፣ ሳትቆምም ወጣች። መታጠፊያው ላይ ኋላዋ ወደ ገደሉ መንሸራተት ሲጀምር ሙሄ በመቀመጫው ዐወቀው፤ እግሩን ከነዳጁ ላይ ቀለል አድርጎ መሪውን ወደ ተንሸራተተችበት አዞረ። ቀጥ አለች። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ አልቆመም፤ መስኩን ለደስታው ብቻ አንድ ዙር ዞረው።

ደምሴም በዳማዋ ተከተለ። ጆንያዎቹን ከመጀመሪያው ከኋላ ጭኖ ነበርና ቀጥ ባለው መንገድ ከሙሄ ይልቅ ፈጥኖ ወጣ። መታጠፊያው ላይ ግን ነዳጁን አበዛው። ዳማዋ በአንድ ጊዜ ተሽከርክራ ፊቷን ወደ ደብረ ታቦር መልሳ የውኃ መውረጃው ውስጥ ቆመች። ተመስገን፣ ሰውየው አልተጎዳም።

«ቤቷ ናፍቋት ነው» አለ ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ። ከሁሉም ቀድሞ የሳቀው ራሱ ነበር።

ሐጂ ዑመር ወደ ሙሄ ዞሩ። «እውነቱን ንገረኝ፤ የትኛዋ ትሻላለች?»

«ለሜዳና ለጥድፊያ ዳማዋ ትበልጣለች፤ በደምሴ አይፍረዱ። ዳለቻዋ ግን የምትችለውንም የማትችለውንም አስቀድማ ትነግረኛለች። ከእሷ ጋር የዋለ ሰው ደስ ብሎት ይገባል።»

ሐጂ ዑመር ዳለቻዋን ገዙ፤ ቁልፏንም ለሙሄ ሰጡት።

ሰኞ ማለዳ ሐጂ ዑመርና ሙሄ በዳለቻዋ ከደብረ ታቦር ወደ ይፋግ ወረዱ። ሐጂ ዑመር መታጠፊያ በመጣ ቁጥር የበሩን ጠርዝ ጨብጠው «ቀስ በል፣ ልጄ» ይሉ ነበር። ሙሄ እሺ እያለ ይታጠፋል፤ ዳለቻዋም እንደ ውኃ ትፈስሳለች። ፎገራ ሜዳ ሲደርሱ ሽማግሌው እጃቸውን ከበሩ ላይ አነሡ። ጥምጥማቸውን አጠበቁና መንገዱን ፊት ለፊት አዩት።

«እስቲ ትንሽ ጨምር» አሉ።

ሙሄ ጨመረ። በበቅሎ ሁለት ቀን የሚፈጀውን መንገድ ጨርሰው ለቀትሩ የዙህር ሶላት ይፋግ ደረሱ። በዚያ ቀን ሙሄ በእግሩ የሄደው ከመኪናዋ እስከ መስጊዱ በር ድረስ ብቻ ነበር።