የታጠነው ውስኪ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሊጠይቀን መጣ። ልጃችንን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ እኔም «መጀመሪያ ልጁን በዓይኔ ልየው» ብዬ ነበር የመለስኳቸው። ሰላምታው ሳያልቅ ከቦርሳው አንድ ጠርሙስ ውስኪና ከትምባሆ ቅጠል የተጠቀለሉ ሁለት ወፋፍራም ሲጋሮች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «አባባ፣ ሲመሽ አብረን እንቀምሳቸዋለን። ሲጋሩና ውስኪው አንዱ ሌላውን ያጣፍጠዋል» አለኝ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ሮጠች። ልጁ የተቆጣች መስሎት ደነገጠ። እየሳቀች ነበር።

በወጣትነቴ ሉማሜ አስተማሪ ነበርኩ። ሉማሜ ያኔም የመንገድ ዳር ከተማ ነበረች፤ ከደጀን በኩል የመጣ የጭነት መኪና ሁሉ ይቆምባታል፣ ሻይ ቤቶቿም ሹፌር ሲያስተናግዱ ይውላሉ። እዚያ ጥሩወርቅን ወደድኩና ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ጋሼ ጌቴ ሽማግሌዎቹን በወጉ አብልተው አጠጥተው «ወንድሟ ከኩባ ትምህርቱን ጨርሶ እየመጣ ነው፤ እሱ አይቶት ይሁን ካለ ይሁን» ብለው ሸኟቸው። እንዲህ ሆኖ የእኔ፣ ሮብ ገበያ ከምትባል መንደር የመጣሁት የቄስ ልጅ፣ ዕጣ በአንድ ከባሕር ማዶ በሚመጣ ሰው እጅ ወደቀ። ያን ክረምት እንደ ኩባ የጸለይኩለት አገር የለም።

ወንድሟ ባይለየኝ በጥቅምት፣ ገብስ ሲታጨድ መጣ። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሲሰብር እሱ አበባ አበባ ያለበት እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ እየተንቀጠቀጠ ከተማውን ዞረ። ኩራት ምን የማያስችለው ነገር አለ! እኔን ሲያገኘኝ «መምህር፣ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ቤት ና። እኔ ሰውን የማውቀው ሲቀምስ ነው» አለኝ።

ሐሙስ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጠርሙስ ውስኪና ወገቧ ላይ የወረቀት ቀለበት ያጠለቀች አንዲት ሲጋር ጠበቁኝ። በእኛ ቤት ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር የበቀለ ነው ይባላል። አባቴ የሚያጨስ ሰው መንገድ ላይ ካዩ አፍንጫቸውን ሸፍነው ወዲያ ማዶ ይሻገራሉ። አረቄ ሲሆን ግን ባርከው ይጠጣሉ፤ ይህን ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። ባጨስ አባቴን አጣለሁ፤ እምቢ ብል ጥሩወርቅን።

ባይለየኝ ፊቴን አይቶ «አትፍራ፤ ይሄ እንደ ሲጋራ ወደ ሳንባ አይገባም። ጢሱ የመጠጡ ማጣፈጫ ነው» አለኝ። ከዚያ «ውስኪ ያለ በረዶ አይሆንም» ብሎ መንገድ ዳር ካለው ሆቴል የላምባ ፍሪጅ በረዶ ሊለምን ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «እስክመለስ አዘጋጀው» አለ።

እፎይ አልኩ። እናቴ ጠላ ጠማቂ ናት፤ ጋኗን በወይራ ጢስ ሳታጥን ጠምቃ አታውቅም። ጢስ መጠጥ ያጣፍጣል ከተባለ ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሚታጠነው ዕቃው ነው። ወደ አፍ የሚገባ ትምባሆ የለም። አባቴም ጥሩወርቅም በአንድ ጊዜ ተረፉልኝ።

ጥሩወርቅ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይዛ ገባች።

«እስቲ ፍምና ትንሽ ገንቦ አምጪልኝ» አልኳት።

«ምን ልታደርግበት?»

«ዕቃ ላጥን።»

ሲጋሯን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። «ወንድሜ እንዲህ አድርግ አለህ?»

«ጢሱ ማጣፈጫ ነው አለኝ።»

«እንግዲያው ገንቦው ይታጠብ» ብላ ሄደች። እሷም ጠላ ሲጠመቅ እያየች ያደገች ናት፤ ነገሩ አልከበዳትም።

ፍሙንና ገንቦውን ይዛ ስትመለስ የወረቀት ቀለበቱን አውልቄ በክብር አስቀመጥኩ። ሲጋሯን በቢላ ከታትፌ ፍሙ ላይ በተንኩና ገንቦውን ደፋንበት። እስኪያስነጥሰን ታጠነ። ከዚያ ውስኪውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገለበጥኩበት።

ባይለየኝ በረዶውን በላስቲክ እያንጠባጠበ ተመለሰ። «ሲጋሬስ?»

«ተዘጋጅቷል» ብዬ ገንቦውን አሳየሁት።

ቀለበቱን አነሳ፤ ፍሙን አየ፤ በኩባዎች ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። «የመጨረሻዋን! ባሕር አሻግሬ ያመጣኋትን! ለአንተ ነው እህቴን የምድረው? ተነስ ውጣ!» እያለ በጣቱ ወደ በሩ ሲያመለክት በሩ ተከፈተና ጋሼ ጌቴ ገቡ።

ቆም ብለው አሸተቱ። «በቤቴ ትምባሆ ያጨሰ ማን ነው?»

ባይለየኝ አመድ መሰለ። ኩባ ሳለ ማጨስ መልመዱን ለአባቱ አልነገራቸውም ኖሯል። ያ ሲያባርረኝ የነበረ ሰው በዓይኑ ይለምነኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ ላጋልጠው ምላሴን በልቶኝ ነበር።

«ማንም አላጨሰም ጋሼ» አልኩ። «የኩባ ቅጠል ነው፤ ዕቃ አጥኜበት ነው። ባይለየኝ ያመጣውን መጠጥ ላጣፍጥልዎ ብዬ።»

ትንሽ አዩኝና ተቀመጡ። «እስቲ ቅዳ።»

ቀጂ ቀድሞ መቅመስ አለበትና መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። የተቃጠለ የጎጆ ክዳን ዝናብ መትቶት ቢጨመቅ እንደዚያ ዓይነት ጣዕም የሚኖረው ይመስለኛል። ጋሼ ጌቴ አንዴ ተጎነጩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ኩባዎቹ በጦርነቱ ሊረዱን የመጡት ይህን እየጠጡ ነው?» አሉ።

«አዎ አባዬ» አለ ባይለየኝ በቀጭን ድምፅ።

«ጀግኖች ናቸው» ብለው ብርጭቆውን ራቅ አድርገው አስቀመጡ። «ልጁንስ እንዴት አየኸው?»

«ይሁን አባዬ። ዛሬውኑ ይሁን!»

ከሠርጋችን በኋላ አማቼ ጠጋ ብለውኝ «እኔ ወታደር ቤት የኖርኩ ሰው የትምባሆ ሽታ የማላውቅ መሰለህ?» አሉኝ። «የወንድ ልጄን ገበና የሸፈነ ሰው ሴት ልጄን አያጋልጣትም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» እኔ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ያሞኘኋቸው መስሎኝ ነበር።

አሁን ተራው የእኔ ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከአዲስ አበባው ልጅ ፊት ተቀምጬ ፈታኝ መሆን ከተፈታኝነት እንደሚብስ ገባኝ። የለበሰው ያምራል፣ ንግግሩም ሥርዓት አለው፤ ከዚያ በላይ ምን አውቃለሁ? ልጄን ለማላውቀው ሰው መስጠት አስፈራኝ። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ጥሩወርቅ ፍምና ገንቦ ይዛ ከጓዳ ወጣች፤ ቢላውንም አልረሳችም።

«በል ልጄ፣ በእኛ አገር ዕቃው ካልታጠነ መጠጥ አይጣፍጥም» አለችው ሳትስቅ።

ልጁ ፍሙን አየ። ሲጋሮቹን አየ። ከዚያ አንዱን ሲጋር አነሳና የወረቀት ቀለበቱን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«እማማ፣ ልክተፈው ወይስ እንዳለ ይግባ?» አላት።

ጥሩወርቅ ወደ እኔ ዞረች።

«ይሁን» አልኩ።