አብዲን ጫጩት ያደረገ ቴፕ

የእህቴ ልጅ መኝታ ቤቱን ስቱዲዮ ካደረገው ወዲህ ፊቱን የማየው ከስንት አንዴ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ቅር ብሎት መጣ።

«አጎቴ፣ ዘፈኔን እዚህ ሚክስ ሳደርገው ልብ ይሰርቃል። ኤክስፖርት አድርጌ መኪና ውስጥ ስከፍተው ቆርቆሮ ይሆናል» አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። የሳቅኩበት መስሎት ተቀየመ፤ የሳቅኩት ግን በራሴ ነበር።

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ስንኖር፣ የአስራ ስምንት ዓመት ጎረምሳና የሰፈሩ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ማን እንደሾመኝ አላስታውስም። ጓደኛዬ አብዲ ግን የእውነት ዘፋኝ ነበር፤ ከደረቱ የሚወጣ ወፍራም፣ የሚያምር ድምፅ ነበረው። ችግሩ ዓይን አፋርነቱ ነው፤ ሰው ፊት ሲቆም አንደበቱ ይተሳሰራል። ስለዚህ ቀበሌው ለኪነት ቡድኑ ዘፋኝ ሲፈልግ፣ ድምፁን በካሴት ቀድተን ልንሰጥ ተስማማን። አጎቱ ደግሞ ካልተሳካለት ገጠር፣ ጀልዴሳ ወስደው ከከብቶቻቸው ጋር ሊያውሉት ዝተዋል። አብዲ ከብት ቀርቶ ዶሮ ይፈራል።

የምንቀዳው እኛ ቤት፣ በቤታችን ቴፕ፣ ከተማው በሙቀት ተረትቶ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ በሚተኛበት የቀትር ሰዓት ነበር። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን፤ ቬንትሌተሩ ስለሚጮህ አጠፋነው። አብዲ ኡዱን እየመታ ሲዘፍን ላቡ ክሮቹ ላይ ይንጠባጠባል። ቀድተን ስንሰማው እንዴት ያምራል! በበረዶ የቀዘቀዘ የሮቃ ጭማቂ ጠጣንበት።

ሊቀመንበሩ የቀበሌው ቴፕ ውስጥ ሲከቱት የወጣው ድምፅ ግን የጫጩት ነበር። ኡዱም ሰው እያባረረው ይመስል ይሮጣል።

«ይቺ ልጅ ዕድሜዋ ስንት ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

አብዲ መሬት መሬቱን አየ።

ከዚያ በኋላ ያልጠረጠርኩት ነገር የለም። የቴፑን ድምፅ አንባቢ፣ ሄዱን፣ በእናቴ ሽቶ ወለወልኩ። ካሴት ቀየርኩ። የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ስንሻገር ፀሐይ አበላሽቶት ይሆናል ብዬ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ቤት ሲሰማ ወርቅ፣ ቀበሌ ሲደርስ ጫጩት። ከሦስተኛው ሙከራ ስንመለስ አብዲ ቆመ።

«ወሪያ፣ ቴፑ ምን አደረገ? ድምፄ እንደዚህ ነው ማለት ነው። እናንተ ስለምትወዱኝ ነው ያልነገራችሁኝ» አለና ልብሱን ሊሸክፍ ሄደ። አንጀቴን በላው።

በማግስቱ ምሳ ላይ አባቴ ሁለት አቤቱታ አቀረበ። መጀመሪያ ወደ ቴፓችን እያመለከተ፣ «ይሄ ዘፋኝ ሰሞኑን ምን ሆኗል? ድምፁ ከብዶ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል» አለ። ቀጥሎም፣ «ደግሞስ የፒጃማዬን ላስቲክ ማነው የመዘዘው? ትናንት ከስንት ጊዜ በኋላ ብለብሰው በረንዳ ላይ ጉድ ልሆን ነበር!»

ሁለቱ አቤቱታዎች አንድ መሆናቸው ያኔ ገባኝ። የመዘዝኩት እኔ ነበርኩ። መቅዳት ከመጀመራችን በፊት ሞተሩ ካሴቱን የሚያዞርበት የጎማ ቺንጋ ሲበጠስብኝ፣ ቴክኒሺያኑ እንዳልዋረድ ለማንም ሳልናገር ላስቲኩን ተክቼበታለሁ። ላስቲኩ ስለላላ ቴፓችን ሁሉንም ነገር የሚያዞረው እየተጎተተ ነው። እየተጎተተ የቀዳውን እየተጎተተ ሲያጫውተው ልክ ይመስላል፤ ደህና ቴፕ ላይ ሲገባ ግን ዘፈኑ ይሮጣል፣ ድምፁም ይቀጥናል።

አብዲን እየጎተትኩ ቀበሌ ወሰድኩትና ሊቀመንበሩና የኪነት አባላቱ ፊት ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ፒጃማውን ጭምር። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አብዲ ብቻ አልሳቀም።

«እና ያ ጫጩት እኔ አልነበርኩም?»

«አልነበርክም።»

«አቦ! ዋላሂ አንተን...» ንዴቱ ዓይን አፋርነቱን አስረሳው። ወደ ሊቀመንበሩ ዞረና «ጓድ፣ የእኔ ድምፅ ይኸውልዎት!» ብሎ፣ ያለ ኡድ፣ እንደቆመ ዘፈነ። ሳቁ ቀጥ አለ። ደጅ ሳምቡሳ የምትሸጠው ሴትዮ እንኳ ሥራዋን ትታ በበሩ አጮለቀች።

እዚያው ተቀበሉት። አብዲ ግን እኔን አንድ ወር አላናገረኝም።

የእህቴ ልጅ ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ታዲያ የእኔ ላስቲክ የቱ ነው?» አለኝ። ክፍልህና ማዳመጫህ ይሆናሉ፣ ሌላ ሰው ቤት እየሰማህ አስተካክለው አልኩት። ያልነገርኩት ሌላም አለ። ጥፋቱን ከሽቶ እስከ ፀሐይ ስፈልግ የራሴን እጅ ሥራ ለመናገር ፈርቼ፣ ጓደኛዬን ከድምፁ ላጣላው ነበር። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

አብዲ ለዓመት በዓል ሁሌ ይደውልልኛል። መጀመሪያ እንደ ጫጩት አቅጥኖ ስሜን ይጠራል፤ ከዚያ በዚያ ወፍራም ድምፁ ይስቃል።