ጧፍ የማይበራበት ቤተ ክርስቲያን

ሐበሻ ከሚበዛበት ሰፈራችን ከፌርፋክስ የተነሣነው ሐሙስ ማለዳ ነው፤ እኔና አባ ወልደ ሰንበት፣ በአሮጌዋ ዳትሰን መኪናዬ። እሳቸው የማኅበራችን ቄስ ናቸው፤ እኔ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነኝ። የምንቀድስበትን አዳራሽ ባለቤቶቹ ለራሳቸው ስለፈለጉት ልንለቅ ነው። ለትንሣኤ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ የምንገባበት የለንም። በዚህ መሐል ከበረሃው ማዶ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ባዶውን የቆመ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኗን ለሚንከባከብላት ምእመን በነፃ ትሰጣለች የሚል ወሬ ሰማን። ስልክ ብደውል ኑና እዩት አሉኝ። ሩቅ ነው ያሉ ነበሩ፤ አባ ግን ሜዳ ላይ ከመቅረት ይሻላል አሉ።

የሞሃቪ በረሃ

የፓልምዴልን ከተማ ካለፍን በኋላ አገሩ ገላጣ ነው። እሾሃም ዛፎች፣ የባቡር ሐዲድ፣ አቧራ። አንድ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ቆምን። አባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ እኔ አልቻልኩምና የድንች ጥብስ አዘዝኩ። በምን እንደሚጠበስ አስተናጋጇን ጠየቅኳት።

«በበሬ ስብ ነዋ፤ ለዚህ እኮ ነው የሚጣፍጠው» አለችኝ።

ደረቅ ዳቦ ይዤ ወጣሁ። «በድንች ልትገድፊ ነበር» ብለው አባ ሳቁብኝ።

ከተማዋ

ከተማዋ አንድ መንገድ ናት። የድሮ ቤቶቿን የሚጠብቀው ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ሚስ ዶርቲ የምትባል አሮጊት፣ ቁልፍ ይዛ ጠበቀችን። በኩራት አስጎበኘችን። የብር ማዕድን ቆፋሪዎች ያድሩበት ከነበረው ሆቴል አንድ ግድግዳ ቀርቷል፤ ከባንኩ የብረት በሩ፤ ከትምህርት ቤቱ ደረጃው።

«አንድ ሌሊት የተነሣ እሳት ነው የበላው» አለች። «አያቴ በባልዲ ውኃ ካቀበሉት አንዷ ነበረች። ማዳን የቻሉት ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ ነው።»

ነጭ የእንጨት ቤት ነው። አባ ጫማቸውን አውልቀው መቃኑን ተሳለሙና ገቡ። ምሥራቁን ፈለጉ፤ መንበሩ የሚቆምበት ጫፍ በትክክል በስተምሥራቅ ሆኖ አገኙት። መጋረጃው የሚሰቀልበትን ስፋት በክንዳቸው ለኩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔም በልቤ ቤቱን ተረከብኩት።

«ትንሣኤን እዚህ እናከብራለን በያት» አሉኝ።

ነገርኳት፤ ደስ አላት። እንዴት እንደምናከብር ስትጠይቀኝ፣ መብራት ጠፍቶ ሕዝቡ ሁሉ ጧፍ አብርቶ እንደሚቆም ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ።

«እዚህ እሳት አይገባም፤ ሻማም ቢሆን። ደንቡን ያወጡት አያቶቻችን ናቸው።»

«ዕጣንስ?»

«በፍም ከሆነ አይቻልም። በኤሌክትሪክ የሚበራ ሻማ ግን አለ።»

ለአባ ተረጎምኩላቸው። «ያለ ዕጣን ምን ብዬ ልቀድስ?» አሉ። ቀጥለውም ለመጨረሻ ጊዜ የተጸለየበት መቼ እንደሆነ አስጠየቁኝ።

«ልጅ ሳለሁ» አለች ሚስ ዶርቲ፤ ማልቀስ ጀመረች። «አትቀየሙኝ። የቀረን እሱ ብቻ ነው።»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ። አባ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ።

መልስ

መኪናዋን አዙሬ ወደ ፌርፋክስ ነዳሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ካለ፣ ሰው ከመውደዱ ብዛት የሚወደውን ቤት ባዶ ሊያስቀረው እንደሚችል ነው። ሴትዮዋ እውነቷን ነው፤ እኛም እውነታችንን ነው። ይህን ማወቄ ግን አላጽናናኝም፤ እንዲያውም የባሰ ተስፋ አስቆረጠኝ። የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ።

ፌርፋክስ ስንደርስ ገና አልጨለመም። ሰፈራችን ውስጥ ባለው የሐበሻ ምግብ ቤት በር ላይ የማኅበራችን ሴቶች ነጠላቸውን ለብሰው ቆመዋል። ይህን ያህል የቆየነው ቤቱን ስንረከብ መስሏቸዋል። ዳትሰኗን ሲያዩ እልልታው ቀለጠ። ከመሐላቸው እትዬ አስካለ ሰፍተው የጨረሱትን የመቅደስ መጋረጃ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ እኛ መጡ።

«ፓርክ ላድርግ፣ አባ?» አልኳቸው።

«አታቁሚ ልጄ» አሉኝ። «አንዴ ዞረን እንምጣ።»