ለኦቦ ነገራ ያላደረስኩት ቃል

ትናንት ጠዋት መስኮት ስከፍት የተቃጠለ ሣር ሽታ ገባና ቤቱን ሞላው። ስልኬ ላይ ደግሞ የሳምንቱ የአየር ትንበያ በኦሮምኛም በአማርኛም ተልኮልኝ ነበር፤ ከምሥራቅ የሚገፋ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ወደ ወለጋ እየገባ ነው፣ ነፋሱ ይበረታል፣ የሰደድ እሳት ሥጋት ስላለ ገበሬዎች ማሳ ከማቃጠል ይቆጠቡ ይላል። ልጄ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አነበበችና "እማዬ፣ ስልክ ሳይኖር ይሄን ማን ይነግራችሁ ነበር?" አለችኝ። አብራኝ የተማረችው ሌሊሴ ልላት ብዬ ምላሴን ነከስኩ። ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ያቺን ልጅ ባሰብኩ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ቅናት ግን አንድ ቀን እንኳ አላረጀም።

አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ የቀረ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ በአራት እግር የቆመ ነጭ የእንጨት ሳጥን ነበረው፤ ነበረው የምለው የትምህርት ቤቱ ንብረት መሆኑን ዘንግቼ ሳይሆን፣ ከቤታችን አስበልጦ ይሳሳለት ስለነበር ነው። ሳጥኑን በየዓመቱ ቀለም ይቀባዋል፤ የእኛ ቤት ግድግዳ ግን ቀለም የሚባል ነገር በወሬ ነው የሚያውቀው። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ቴርሞሜትሮች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ የአንደኛው ጫፍ ባዶ ነው፣ የሌላኛው በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሏል። አየሩ እርጥበት ካለው የሁለቱ ቁጥር ይቀራረባል፤ ደረቅ አየር ሲመጣ ይራራቃል። በጥር ጠዋት ብርዱ ጆሮ ሲቆነጥጥ፣ ቁጥሮቹ ሲራራቁና የባሕር ዛፉ ጫፍ ሁሉ ከምሥራቅ፣ ከሲሬ በኩል በሚመጣው ነፋስ ሲጎብጥ፣ አባቴ በተሰለፍነው ተማሪዎች ፊት ይቆምና "ሀርኣ ኢቢዲ ሂን ጂሩ!" ይል ነበር። ዛሬ እሳት የለም ማለት ነው። ኦሮምኛው ጎጃም ጎጃም ስለሚል ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ይሁን እንጂ በምሳ ሰዓት ከየሰፈሩ አንድ አንድ ልጅ ሮጦ ቃሉን ያደርሳል፣ ያን ቀን ማሳ የሚያቃጥል፣ ከሰል የሚያከስል ሰው አይገኝም። ሬዲዮ በጣት በሚቆጠር ቤት ብቻ በነበረበት ጊዜ የአየር ትንበያ የሚሄደው በልጆች እግር ነበር።

ቴርሞሜትሩን በየጠዋቱ የሚያነብ አንድ ተማሪ ይመረጣል። ልጁ ነኝና እኔ እንደምሆን አልተጠራጠርኩም፤ እሱም አንድ ሳምንት ሞከረኝ። ዐይኔ ከራቀ ስለማያይ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ሳነብ ትንፋሼ ያሞቀው ኖሮ በእኔ ሳምንት ነቀምቴ ጋምቤላን አስከነዳች። አባቴ ደብተሩን እያየ እንባው እስኪመጣ ሳቀና ሌሊሴን ጠራ።

ሌሊሴ የንብ አርቢው የኦቦ ነገራ ልጅ ናት፤ ከከተማው ዳር ከጨለለቂ በእግሯ ትመጣለች፣ ያኔ ጨለለቂ ዛፍና ሣር ነበር። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ከሳጥኑ ራቅ ብላ ቆማ፣ ግማሽ ዲግሪ እንኳ ሳታስቀር ትናገራለች። ከዚያ አገጯን ቀና አድርጋ ትንሽ ትቆይና "መምህር፣ ከሰዓት በኋላ ይብሳል" ትላለች፤ ይብሳልም። በዐይኗ ቀናሁ፣ በአንገቷ ቀናሁ፤ ክረምት ላይ ጉንፋን ሲይዛት አባቴ ከቤታችን ዝንጅብል ስለላከላት በጉንፋኗ ሳይቀር ቀናሁ። ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን አጠራሩ ነው። አባቴ ትምህርት ቤት ውስጥ ለልጁ አዳላ እንዳይባል እኔን "አንቺ፣ ሦስተኛው ረድፍ" ይለኛል፤ እሷን ግን "ኢንተላ ኮ" ይላታል፣ ልጄ ማለት ነው። ስንት ዓመት ወለጋ ኖሮ ኦሮምኛ አልገባ ያለው ሰው ይቺን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሳሳት ይጠራት ነበር።

ኦቦ ነገራ ቀፎዎቹን ዋንዛ ላይ ከፍ አድርጎ ይሰቅላል። በጥር በጥር ከዛፎቹ ሥር ያለውን ደረቅ ሣር፣ ነፋስ የሌለበትን ቀን ጠብቆ፣ በጥቂት በጥቂቱ ራሱ ያቃጥለዋል፤ ሰደድ እሳት የመጣ እንደሆነ የሚበላው እንዳያገኝ ነው። ቀኑን የሚያውቀው በልጁ ነበር። ሌሊሴ በምሳ ሰዓት እየሮጠች ከመጣች ክብሪቱን ያስቀምጣል፤ ካልመጣች ቀኑ ደህና ነው ማለት ነው።

አንድ የጥር ጠዋት ሌሊሴ ሳጥኑን ከፈተችና አንዴ ያነበበችውን ደግማ አነበበች። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲያ ተራርቀው አይተን አናውቅም ነበር፤ ብርዱም ጣት ያደነዝዛል። አባቴ በደስታ ትከሻዋን ይዞ፣ ዳይሬክተሩ ዘንድ አቅርቦ ሊያስመሰግናት በምሳ ሰዓት እንድትቆይ ነገራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና "አንቺ ለኦቦ ነገራ ሩጪና ንገሪ፤ ዛሬ ሣሩን እንዳይነካ" አለኝ። እሷ ትመሰገናለች፣ እኔ እላካለሁ።

መንገዱን አጋምሼ ሸንኮራ ገዛሁና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በሰው ላይ ክፉ እንዲደርስ አልፈለግሁም፤ የፈለግሁት የሌሊሴ ንባብ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ከንቱ እንዲቀር ነው። ሸንኮራዬን አንጓ በአንጓ ላጥኩ፣ ጨረስኩ፣ ደወሉ ሲሰማ ተመለስኩና "ነገርኳቸው" አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭሱ ታየ። ከተማው ቅጠል እየቀነጠሰ ወደ ጨለለቂ ሮጠ፤ እሳቱን በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እየደበደቡ ያጠፉት ሰዎች ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ከጥላሸት በቀር ምንም አይታይም ነበር። ሰው አልሞተም። ዋንዛዎቹ ግን እስከ ጫፋቸው ጠቁረዋል፣ ከቀፎዎቹ አንድ አልተረፈም፣ የተረፉት ንቦች ቤታቸው የነበረበትን አየር ይዞራሉ። ኦቦ ነገራ ሁለት እጁ በእርጥብ ነጠላ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

"ኦቦ ነገራ" አለ አባቴ ወደ እኔ እየጠቆመ፣ "የሺ አልመጣችም እንዴ እርስዎ ዘንድ?"

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። ከአባቴ ጀርባ ስሸሸግ አይቶ ይሆናል።

"ኤዬ፣ ዱፍቴ፤ መጥታለች መምህር" አለ። "እኔ ነኝ ችላ ያልኩት። ልጅቷን እንዳይቆጧት።"

አጠገቡ የቆመችው ሌሊሴ ይህን ሰማች። "አባ፣ ሰምተህ ነው ያቃጠልከው?" አለችው። የተጠቀለሉት እጆቹ ላይ አቀረቀረ። ያን ጊዜ አባቷን ያየችበትን ዐይን አይቻለሁ፤ ቃሏን የናቀባትን ሰው የምታይበት ዐይን ነበር።

ክረምት ሳይገባ ኦቦ ነገራና ቤተሰቡ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ኑኑ ቁምባ፣ ወደ ወንድሙ ቤት ሄዱ። ሳጥኑ ለእኔ ደረሰኝ። ያኔ መነጽር ተገዝቶልኝ ስለነበር ራቅ ብዬ ቆሜ በትክክል አነብ ነበር። አባቴ የነገርኩትን በደብተሩ ይጽፍና፣ ክፍል መግባቴን ሲያይ፣ ሄዶ ሳጥኑን ይከፍታል። በመስኮት አየዋለሁ። ሌሊሴ ያነበበችውን ሊያረጋግጥ አንድ ቀን ሄዶ አያውቅም፤ እኔ ያነበብኩትን ግን ተመርቄ እስክሄድ ድረስ አንድም ጠዋት ሳያይ አላለፈም። ኢንተላ ኮ የሚለውንም ከዚያ ወዲያ ለማንም ሲል አልሰማሁም።

ሁለቱም አባቶች ዛሬ የሉም። ዋንዛዎቹ በነበሩበት ብሎኬት ቤት ተደርድሯል፤ ጨለለቂ ክፍለ ከተማ ሆኗል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲሬ መናኸሪያ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት ሴት "የሺ! አከም ጅርታ?" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሌሊሴ ነበረች፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ አንገቷ ግን ያው ነው። ስለ አባቴ ጠየቀችኝ፣ ማረፉን ነገርኳት፣ እዚያው ሰው መሀል ቆማ አለቀሰች። እኔ በቀብሩ ቀን እንዲያ ማልቀስ አቅቶኝ ነበርና በልቅሶዋም ቀናሁ። ከዚያ ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገችና "የእኔም አባት ሞተ፤ ያን ቀን ያደረስሽውን ቃል ለምን እንዳልሰማ ሳይነግረኝ ሞተ። እኔም ሳልምረው" አለችኝ።

እውነቱ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አንድ ቃል ብናገር አባቷ ንጹሕ ሆኖ ይመለስላት ነበር። ሹፌሩ ሞተር አስነሣ፤ ዕድሜ ይስጥሽ ብያት ገባሁና መቀመጫዬን ፈለግሁ። ጊዜ አጥቼ አይደለም፣ አፍሬም ብቻ አይደለም። ብነግራት እሷ ሁለት አባት ሊኖራት ነው፤ እኔ አንድም። ቀንቼ ነው ዝም ያልኩት።